መጋዘን አልነበረም፦ ስለ አሮጌው ሲኒማ ቤታችን ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ በአንድ ቀን ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። "ያንተን ፊልም ቤት አፈረሱት" ብሎ ላከልኝ። ደነገጥኩ። ከፍቼ ሳነበው ለጊዜው የፈረሰው በጽሑፍ ብቻ ነው። ሕንፃው እዚሁ አዳማ ቆሟል። ትናንት ሥራ ውዬ ስመለስ ሆን ብዬ በዚያ በኩል አለፍኩ።

ጽሑፉ ስለ አገራችን አሮጌ ሲኒማ ቤቶች ነው። የእኛን እንደ ዋና ምሳሌ ያነሳዋል። ጸሐፊው ጥሩ አድርገው ይጽፋሉ፣ ነገሩንም ያሰቡበት ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ።

ሲኒማን ያመጡልን ጣሊያኖች ናቸው ይላሉ። ሕንፃዎቹ የወረራ ትዝታ ስለሆኑ ልንሳሳላቸው አይገባም። ቀጥለው ሕዝቡ ራሱ ሲኒማን "የሰይጣን ቤት" ብሎ የሸሸው ነገር ነው ይላሉ። ገብተው ያዩ የነበሩትም ሹማምንትና ባለጸጎች ናቸው፤ ድሃና ሴት በሩን አልረገጡም። የአዳማው ሕንፃ ደግሞ መጀመሪያውኑ የእህል መጋዘን ነበር፤ ወንበር ተደርድሮበት ሲኒማ ተባለ እንጂ ሲኒማ ቤት ተብሎ አልተሠራም። በመጨረሻም ቪዲዮና ስልክ ሲኒማን ገድለውታል፤ ገበያው ፈርዷል። ስለዚህ ይፍረስና ለከተማዋ የሚጠቅም ፎቅ ይሠራበት።

ከመጋዘኑ ልጀምር። በዓይኔ ያየሁት እሱን ነውና።

ጸሐፊው ለምን እንዲህ እንዳሰቡ ይገባኛል። ዛሬ በሩ ሲከፈት የሚታየው ጆንያ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያየ ሰው መጋዘን ነው ቢል አይፈረድበትም። ግን መስኮት የማይፈልግ ሌላም ቤት አለ። ቀን በስምንት ሰዓት ጨለማ የሚያስፈልገው ቤት።

ልጅ ሆኜ፣ በ1970ዎቹ፣ የሲኒማ ቤቱ ኦፕሬተር፣ የፊልም ማሳያ ማሽኑን የሚያሠሩት ሰው፣ ጎረቤታችን ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። እሑድ እሑድ ምሳቸውን ከቤታቸው የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። ዋጋዬ ትኬት አልነበረም፤ ከዚያ የበለጠ ነበር። ከማሽኑ ክፍል ሆኜ ፊልም እንዳይ ይፈቅዱልኛል።

ወደ ማሽኑ ክፍል በአዳራሹ ውስጥ አይገባም። ከሕንፃው ጀርባ በውጭ በኩል የተሠራ ጠባብ የብረት ደረጃ አለ። ዛሬም አለ፤ ዝጎ ሁለት እርከን ጎድሎታል። መጋዘን ለሚሠራ ሰው በጀርባ በኩል እንዲህ ያለ ደረጃ ምን ያደርግለታል? ደረጃው በውጭ የሆነው በእሳት ምክንያት ነው። የድሮ ፊልም ናይትሬት ከሚባል ነገር ይሠራ ነበር። ናይትሬት ሲቀጣጠል ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ከራሱ ያወጣል። ውሃ ውስጥ ቢከቱት እንኳ መንደዱን አያቆምም። ኮዳክ ይህን ዓይነት ፊልም ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በዚህ ምክንያት ሲኒማ ቤት የሚሠሩ ባለሙያዎች የማሽኑን ክፍል ከተመልካቹ ለይተው፣ በወፍራም ግድግዳ አጥረው፣ መውጫውን ወደ ውጭ ያደርጉት ነበር። ናይትሬት ከቀረ በኋላም ይኸው አሠራር ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል።

ከክፍሉ ወደ አዳራሹ የሚያሳዩ አራት ቀዳዳዎች አሉ። ሁለቱ ለማሽኖቹ ብርሃን፣ ሁለቱ ኦፕሬተሩ ስክሪኑን የሚያይባቸው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ የብረት መዝጊያ በሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር። እሳት ከተነሳ መዝጊያው ወዲያው ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። እንግዲህ ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት የተሠሩ አራት ቀዳዳዎች። እህል በቀዳዳ አይጠበቅም።

ወለሉ ደግሞ አለ። እኛ ልጆች ፊልሙ እስኪጀምር ብይ እንጫወት ነበር። ከኋላው በር ብይ ብትለቅ ማንም ሳይገፋት በወንበሮቹ እግር መሀል ሾልካ እስከ ስክሪኑ ሥር ትደርሳለች። ወለሉ ከኋላ ወደ ፊት ዝቅ እያለ የሚሄድ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ከፊቱ ባለው ሰው ራስ ላይ አሻግሮ እንዲያይ ታስቦ ነው። እህል የሚከምር ሰው ይህን ወለል ቢያገኝ ያለቅሳል። እውነቴን ነው። ባለፈው ወር ገብቼ ነበር። ጆንያ የሚጭኑት ልጆች በዝቅተኛው በኩል ጣውላ ደራርበው ደልድለዋል። "ካልደለደልነው ክምሩ ይናዳል፣ ማን እንዲህ አጣሞ እንደሠራው አናውቅም" አሉኝ። አልተጣመመም። ትክክል የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

የጭስ ማውጫውንም ልጨምር። ጣሪያው ላይ፣ ከማሽኑ ክፍል በላይ፣ የቆርቆሮ ቧንቧ ይታያል። የዚያን ጊዜ ማሽን ብርሃኑን የሚያገኘው ከአምፖል አልነበረም። እርሳስ የሚያካክሉ ሁለት የካርቦን ዘንጎች አፍ ለአፍ ይገጠማሉ። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይወጣል፤ የብየዳ ብርሃን ማለት ነው። ዘንጎቹ እየተቃጠሉ ስለሚያጥሩ ጋሼ በየጊዜው መዘውሯን ነካ አድርገው ያቀራርቧቸዋል። በትንሽ ጥቁር መስታወት ነበር የሚያዩዋቸው። እኔን ደግሞ "ዓይንህን!" ይሉኛል። ሙቀቱ የዳቦ ቤት ነው። ጭሱ በዚያ ቧንቧ ይወጣል።

ማሽኖቹ ሁለት የሆኑት ፊልሙ በአንድ ጥቅል ስለማያልቅ ነው። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል በስዕሉ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ከላይ፣ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ጋሼ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ያስነሳሉ። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሌላ ነጥብ ብልጭ ስትል አንዱን ዘግተው አንዱን ይከፍታሉ። ታች ያለው ሰው ምንም አያውቅም። አክተሩ ፈረስ ላይ የወጣው በአንዱ ማሽን ነው፤ የጋለበው በሌላው። እኔ ነጥቧን ከጋሼ ቀድሜ ለማየት ስፈልግ ብዙ ፊልም ታሪኩ አምልጦኛል። እስከ ዛሬ ድረስ አሮጌ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ዓይኔ ቀኝ ጥጉ ላይ ነው።

እንግዲህ በውጭ ደረጃ፣ አራት ቀዳዳ፣ ተዳፋት ወለል፣ ጭስ ማውጫ። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኋላ የተጨመረ ነው ሊባል ይችላል። ተዳፋቱ ግን ከመሠረቱ ጋር የተሠራ ነው። የጎን ግድግዳው ድንጋይ ወለሉን ተከትሎ ዝቅ ይላል፤ በጎን በኩል ያለውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ያየዋል። ሕንፃው ሲኒማ ሆኖ ተወልዶ መጋዘን የሆነ ነው። ጸሐፊው ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው ያነበቡት።

አሁን ወደ ጣሊያኖቹ።

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ እሱን አልክድም። ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት ብዙ ሲኒማ ቤት ሠርተዋል። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው ሲኒማ ኢትዮጵያ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሲኒማን "አመጡት" የሚለው ግን ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር አይሄድም። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ አስከፍለው ፊልም ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በመሀሉ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ፣ ገና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ ፊልም ታይቷል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ነው። ራሳቸው ጸሐፊው የጠቀሱት "የሰይጣን ቤት" የሚለው ስም ከወረራው በፊት የነበረ ስም ነው። ሕዝቡ ከወረራው በፊት ስም ያወጣለትን ነገር ወራሪው እንዴት ያመጣዋል? ሁለቱ ነጥቦቻቸው እርስ በርስ ይጣላሉ።

የአዳማው ሕንፃ የጣሊያን ነው ለማለት ያቀረቡት ማስረጃ የግድግዳው ውፍረትና የበሩ ቅስት ነው። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ከ1933 በኋላ ብዙ ጣሊያኖች እዚሁ ቀርተዋል። ግንበኛ፣ መካኒክ፣ የእንጨት ባለሙያ ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። የእኛም ሰዎች ከእነሱ ጋር ሠርተው ሙያውን ተምረዋል። ቅስት የሚሠራ እጅ የፋሽስት እጅ ነው ካልን ግማሹን የአገራችንን አሮጌ ቤት ለሙሶሊኒ ማስረከብ ሊኖርብን ነው።

ደግሞስ ጣሊያን የጀመረው ሁሉ የጣሊያን ሆኖ ይቀራል? ብሔራዊ ቴአትርን ተመልከቱ። በወረራው ጊዜ ሲኒማ እንዲሆን የተጀመረ ሕንፃ ነው። ተጠናቆ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም.፣ ለንጉሡ የ25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል ነው። ዛሬ የጣሊያን ሕንፃ ነው የሚለው ሰው አለ? በዚያ መድረክ ላይ ስንት የአማርኛ ተውኔት ታየ፣ ስንት ዘፋኝ ወጣ። አስመራም አለች። ሲኒማ ኢምፔሮ እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያኖች የተሠራ ነው። ስሙ ራሱ "ኢምፓየር" ማለት ነው። ኤርትራውያን አላፈረሱትም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትሰፍር ከሚያስጠሯት ሕንፃዎች አንዱ እሱ ነው። ከማንም በላይ በቅኝ ግዛት የተጎዱ ሰዎች እንዲህ ካደረጉ እኛ ለአምስት ዓመት ወረራ ብለን የምናፈርስበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ሳይጠቅሱት ቀሩ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀሉ በሕግ ተከልክሏል። አዲስ አበባ ላይ ፒያሳ አካባቢ ለጣሊያኖች ተብሎ፣ አገሬው ወደ መርካቶ እንዲሄድ ተደርጓል። ታዲያ በኋላ የእኛ ሰው በእነዚያ ፒያሳ ባሉ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ሲሰለፍ፣ ገብቶ ሲቀመጥ፣ እግሩን ሲዘረጋ የነበረው ትርጉም ቀላል ነው? ያንን ታሪክ ለማውራት ሕንፃው ያስፈልገናል።

ስለ "ሰይጣን ቤት" ብዙ አልልም። ስሙ እውነት ነው። የእኔም አያት እስክትሞት ድረስ እግሯን አላስገባችም። ግን ስልክ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባም ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት ይነገራል። ዛሬ ንስሐ አባት የሚፈለጉት በስልክ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ መፍራት ያለ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ምን አደረገ ነው። ሕዝቡ ገባ። ከመግባትም አልፎ ሠራ። በ1957 "ሂሩት አባቷ ማነው" ታየ። በ1966 "ጉማ" ተሠራ። የደም ዕርቅን ሥርዓት ይዞ የመጣ ፊልም ነው፤ ስሙም የኦሮሞ ባህል ስም ነው። ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የፊልም ሽልማት በእሱ ስም ይጠራል። ይህ ሁሉ ከሸሸ ሕዝብ አይወጣም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የሀብታም ቦታ ነበር የሚለው፣ አዳማን የማያውቅ ሰው ንግግር ነው። በድፍረት ስለተናገርኩ ይቅርታ፤ ግን ነው።

አዳማ የቤተ መንግሥት ከተማ አይደለችም። የባቡር ከተማ ናት። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ናዝሬት ስትባል የነበረችው ይህች ከተማ ያደገችው በጣቢያው ዙሪያ ነው። ወንጂ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በወር መጨረሻ ደመወዝ ይዞ ከወንጂ ወደ አዳማ የሚመጣው ሠራተኛ ብዙ ነበር። በዚያ ላይ የአሰብ መንገድ ሹፌርና ረዳት። ከአሰላ፣ ከድሬዳዋ መጥቶ የሚያድረው መንገደኛ። አመሻሽ ላይ ሲኒማ ቤቱ በር የሚቆመው ማን መሰላችሁ? ይኸው ሰው ነው። ሹማምንቱ ስንት ነበሩና ነው በቀን ሦስት ጊዜ ያን ሁሉ ወንበር የሚሞሉት?

ወንበሩ ራሱ ይመሰክራል። ታች ከፊት ያለው ጀርባ የሌለው የእንጨት አግዳሚ ነበር፤ ዋጋው የመጨረሻ ርካሽ ነው። ከኋላ ያለው አንደኛ ማዕረግ ደህና ወንበር ነው። ከፊት የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያየው። የሚጮኸው ግን እሱ ነበር። ወንበዴው ከበስተጀርባ ሲመጣ "ኋላህን! ኋላህን!" የሚለው፣ ፊልሙ ሲቆረጥ አፏጭቶ "ኦፕሬተር!" እያለ የሚጣራው የፊቱ ሰው ነው። ጋሼ ያን ጊዜ በጣም ይቸኩላሉ፤ እጃቸው ግን አይንቀጠቀጥም። የተቆረጠውን በምላጭ አስተካክለው በሙጫ ያገናኙታል። የህንድ ፊልም ሲመጣ ደግሞ ቋንቋውን ማንም ሳያውቅ አዳራሹ በሙሉ ያለቅስ ነበር። እህቴ ዘፈኖቹን ትርጉማቸውን ሳታውቅ በቃሏ ትዘፍናቸው ነበር።

በሩ ላይ ሸንኮራ አገዳ ይሸጣል። የወንጂ ሸንኮራ፣ በክንድ ተቆርጦ። ቆሎና ሱፍ በወረቀት ተጠቅልሎ። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ሲበራ ወለሉ በሸንኮራ ገለባ ነጭ ይሆናል። የሚጠርጉት እናት ሥራቸው ከባድ ነበር። የሀብታም ቤት ወለል እንዲህ አይሆንም።

ስለ ሴቶች ያሉት ግን ያመዝናል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። እኛ ወንዶቹ ስለ ሲኒማ ስናወራ ይህን እንረሳለን። ማታ ሲኒማ ቤት በር የታየች ልጅ ስሟ ይነሳ ነበር። እናቴን ሳናግራት "ብቻዬን አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም" አለችኝ። የምትገባው እሑድ ከሰዓት፣ ከሁለት ወንድሞቿ መሀል ተቀምጣ ነው። ፊልሙን ትወደው ነበር። ሲመሽ መውጣት ስለማትችል ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ሳታይ ትነሳለች። ወንድሞቿ ማታ ቤት ሲገቡ አልጋዋ ላይ ሆና መጨረሻውን ታስወራቸዋለች። አንዱ ሁልጊዜ ይዋሻት ነበር አለች። አክተሩ ሞተ ይላታል። ስለዚህ "ሴት አልነበረችም" ከማለት "ሴቷ መጨረሻውን እንዳታይ ተደርጓል" ማለት ይሻላል። ይህ ግን ሕንፃውን የማፍረሻ ምክንያት አይደለም። እንደ እናቴ ያሉትን ሴቶች ቁጭ ብሎ የማስወራት ምክንያት ነው።

ወደ ገበያው ልምጣ። ቪዲዮና ስልክ ሲኒማን ገደሉት፣ ገበያው ፈርዷል ተብሏል። የእኛ ሲኒማ ቤቶች ግን በነፃ ገበያ ተወዳድረው አልወደቁም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወረሰ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ዋና ዋናዎቹ ሲኒማ ቤቶችም በመንግሥት እጅ ገቡ። ጣሪያው ሲያፈስ የኔ ነው ብሎ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ሰዓት እላፊ ደግሞ የማታውን ፊልም ይጫነው ነበር። ብዙ ጊዜ አዳራሹ የሚፈለገው ለስብሰባ ነው። ጋሼ ማሽናቸውን በጨርቅ እየሸፈኑ ሲቆጩ አስታውሳለሁ። እንዲህ እጁ ታስሮ የቆየውን ነገር ተወዳድሮ ወደቀ አይባልም።

ቪዲዮ ቤት መጥቶ ብዙ ተመልካች ወስዷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘለሉት። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጸ መውጣት ሲጀምር ሕዝቡ የተሰለፈው የት ነበር? እነዚያው ሞቱ የተባሉት አሮጌ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር በር ላይ ከተማሪ እስከ ጡረተኛ ቆሞ አይቻለሁ። ሰዉ ይህን አይቶ ገንዘቡን አወጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ዓለም ሲኒማን ከፈተ። ሴባስቶፖል ተከፈተ። ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲኒማ ተከፈተ። የሞተ ገበያ ላይ ማን ሕንፃ ያቆማል? ሲኒማን የጎዳው የፊልም እጥረት ነበር። የራሱን ቋንቋ የሚናገር ፊልም ሲያገኝ ሰው ተመልሶ መጣ።

ስልክ ዛሬ ከዚያ ሁሉ ይከብዳል፤ እቀበላለሁ። ልጆቼ ፊልም የሚያዩት ተኝተው ነው። ግን እነሱው ልጆች ለእንግሊዝ ኳስ ጨዋታ ሲሆን ቤት አይቀመጡም፤ መቶ ሰው በታጨቀበት ቤት ቆመው ያያሉ። ጎል ሲገባ ብቻውን መጮህ የሚፈልግ የለም።

የመጨረሻው፣ ይፍረስና ፎቅ ይሠራ የሚለው ነው። ሕንፃው በዚህ ሁኔታ ሰው ሊገባበት አይገባም የሚለውን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ቆርቆሮው በብዙ ቦታ ተበስቷል። የጣሪያው እንጨት አንድ ጥግ ላይ በምስጥ ተበልቷል። መጸዳጃ ቤቱ ስሙ ብቻ ነው። ይህን ደብቆ መከራከር ሕዝብን ለአደጋ መስጠት ነው። ግን ጣሪያ ይቀየራል። ምሰሶ የሌለው፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሚታይ፣ ድምፅ ያለ ማጉያ የሚሰማበት አዳራሽ በዛሬ ዋጋ አሠርቶ ማየት ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ፈጣን መንገድ አላት፤ የሚመጣው ተሰብሳቢ በየሆቴሉ አዳራሽ ነው የሚቀመጠው። የከተማዋ ወጣቶች የቴአትር ልምምድ የሚያደርጉት ግን በተከራዩት ክፍል ነው፤ ወንበር እየገፉ። ፎቅ በየመንገዱ እየተሠራ ነው። ተዳፋት ወለል ያለው አዳራሽ ግን በየመንገዱ አይገኝም።

ሕጉም ቢሆን ይህን ነገር በዝምታ አላለፈውም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የአክሱም ሐውልትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው አላለም። የሰው የፈጠራና የጉልበት ውጤት የሆነ፣ በታሪክ፣ በባህል ወይም በኪነ ጥበብ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ቅርስ ነው ይላል። የእኛ ሕንፃ ይህን ያሟላል አያሟላም የሚለውን ባለሙያ ገብቶ፣ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይወስን። እኔም ጸሐፊውም አንወስንም። የፈረሰን ነገር ግን ማንም ባለሙያ ሊለካው አይችልም። በ2016 ፒያሳ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። የስንቱ ቤት ታሪክ ተጽፎ ሳያልቅ ግድግዳው ወረደ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ ከሕንፃው ውስጥ ገብተው እንዳላዩት፣ ከደጅ ሆነው ፎቶ ብቻ እንዳነሱ በሐቀኝነት ገልጸዋል። ስለዚህ አንድ ግብዣ አለኝ። አዳማ ሲመጡ ቁልፉን የያዙትን ዘበኛ እኔ አነጋግርልዎታለሁ፤ ደግ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ ቢሆን ይሻላል። ያን ጊዜ ፀሐዩ ከማሽኑ ክፍል በር በኩል ይገባና አራቱ ቀዳዳዎች ያለ ባትሪ ይታያሉ። ብዪቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።